ለእህት ዓለሜ፦ ስለ አደራው ሻንጣ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ውድ እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅሽ ኖሬ ዛሬ ትናንት እንደተለያየን ሰው መጠየቄ ራሴንም ያሳፍረኛል። ለዝምታዬ ምክንያት ልደርድር ብል ሁለት ገጽ ይሞላል፤ ከሁለቱ ገጽ እውነት የሚሆነው ግን አንድ መስመር ነው፦ አንድ ቀን የደወልሽውን ሳላነሣ ቀረሁ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ እፍረቱም እያደር ከበደኝ። ይቅር በይኝ። ይህን ይቅርታ እንዲህ በችኮላ የማልፈው ከዚህ የባሰ ይቅርታ የምጠይቅበት ጉዳይ ስላለኝ ነው።

ሻንጣሽን ከፈትኩት።

የትኛውን ሻንጣ እንደሆነ ልነግርሽ አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. አሜሪካ ልጅሽ ዘንድ ልትሄጂ ስትነሺ፣ አንደኛው መቆለፊያው አልይዝ ስላለ በገመድ ጠፍረሽ «እስክመለስ ያዥልኝ» ብለሽ ያስረከብሽኝ ያ ቡናማው ነው። አሥራ አንድ ዓመት አልጋዬ ሥር ሲኖር አንድም ቀን ገመዱን አልፈታሁም፤ ለዚህ ቢያንስ ምስክር አለኝ። ከካዛንቺስ ወጥተን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግን ዕቃ መለየት ግድ ሆነና፣ ሻንጣውን ሳነሣው ከጥጉ እንደ ትንባሆ ያለ ብናኝ ፈሰሰ። ብል ገብቶበታል። ስከፍተው ሁለቱ ሹራቦችሽና ጥቁሩ ካፖርትሽ ወንፊት ሆነዋል። ብል የሚወደው ሱፍ ነውና ጥጡን ብዙም አልነካውም፤ ላብ ወይም የወጥ ጠብታ የቀረበትን ቦታ ብቻ ነው እየመረጠ የቀመሰው። ከዚህ ላይ ስለ ወጥ አበላልሽ የምለው ነበረኝ፤ ግን ዛሬ የመቀለድ መብት የለኝም።

ያን ዕለት ልደውልልሽ ይገባኝ ነበር። አልደወልኩም። የተረፈውን አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ተኮስኩት፤ ከዚያም በመቀስ ቆረጥኩት።

እስቲ ሳትቆጪ ስሚኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቶ ስለነበር መጀመሪያ የያዝኩት የድሮውን ኪሮሼን ነው። አንቺ አናናሱን፣ ያንን የአናናስ ቅርጽ ያለውን የዳንቴል ጥለት፣ ስትጨርሺ እኔ ገና ሰንሰለቱን እየፈታሁ መልሼ እንደምሠራ፣ ለራዲዮኑ ልብስ ብዬ የጀመርኩት ክብ ዳንቴልም መሐሉ ጎድጉዶ ባርኔጣ ሆኖ እንደቀረ፣ አንቺም ያንን ሳትተርኪ ያለፍሽው ሠርግ እንዳልነበረ አልረሳሁም። ምስጢሩን በስድሳ ዓመቴ ደርሼበታለሁ። ክብ ዳንቴል ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በየዙሩ እኩል ቁጥር እየተጨመረ መሄድ አለበት፤ ጭማሪው ሲያንስ ይጎደጉዳል፣ ሲበዛ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሸበሸባል። ኪሮሹን ያስተማሩን እትዬ ይህን አንድም ቀን ቆጥረው ሳይሆን በጣታቸው እየዳበሱ ያውቁት ነበርና እንዴት አድርገው ያስረዱን! ያንን በስኳር ውሃ ነክረን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደፍተን ያደረቅነውን ዳንቴል ጉንዳን ሲወርረው «ድግሱን ለማን ነው የደገሳችሁት?» ያሉንን እስከ ዛሬ ጉንዳን ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ከዳንቴል ወደ ጨርቅ የተሻገርኩት በዩቲዩብ አማካይነት ነው። አንቺ ባለሽበት አገር ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ፣ መሐሉን ሞልተው ከሥሩ ገበር አድርገው፣ ሦስቱን አንድ ላይ እየሰፉ የአልጋ ልብስ ሲሠሩ አየሁና «ይህማ ድሪቶ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ልጄ ስትሰማኝ ደነገጠች። እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር ድሪቶ የድኻና የባሕታዊ ልብስ እንጂ ማንም ደስ ብሎት የሚሠራው ነገር አይደለም። ጎረቤቴም ሥራዬን አይታ «ምነው፣ ጡረታው አልበቃ አለ?» ብላኛለች። ነገር ግን ጋቢያችንስ ቢሆን አራት እጅ ሸማ ተደርቦ የተሰፋ አይደለምን? መደራረብን ከማንም አልተማርነውም፤ ያፈርነው በእራፊው ብቻ ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ፤ ልብስሽ ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለሽና። ከፓስታ ካርቶን 12 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ መለኪያ ቆረጥኩ። በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 10 በ10 ይቀራል፤ ወደ ጎን 15፣ ወደ ታች 20 ሲገጠም 300 እራፊ ሆኖ 150 በ200 ሴንቲ ሜትር የአልጋ ልብስ ይወጣዋል። ሲነገር ቀላል ነው። በየስፌቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ብትስቺ ግን ረድፉ ሲያልቅ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ስተሽ ታገኚዋለሽ፤ ጨርቁን በሰያፍ ከቆረጥሽው ደግሞ እየተለጠጠ ማዕዘኑ ከማዕዘን አይገናኝም። መጀመሪያ የገጠምኳቸውን አራት ረድፎች አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጬ ተረተርኳቸው። ቀዩ የሚዜ ቀሚስሽማ የጉድ ነበር፤ ነጭ እራፊ አብሬ ብነክረው እራፊው ሮዝ ሆኖ ወጣ፤ ውሃው እስኪጠራ ሰባት ጊዜ አጠብኩት። ሳላጥበው ገጥሜው ቢሆን ኖሮ ከሁሉም እራፊ ጋር ሚዜ ሆኖ ይቀር ነበር።

የቆረጥኩትን ልዘርዝርልሽ፦ የመምህራን ማሠልጠኛውን ካኪ፣ ውጤት የሰማን ቀን የለበስሽውን ባለ አበባ ፖፕሊን፣ አረንጓዴውን የቴትሮን ጉርድ፣ ቀዩን እንደ ነገርኩሽ፣ ሦስት ሸሚዞችና ያንን ሰማያዊ ቀሚስ። የሰማያዊው ቀሚስ ስጦታነት የማን እንደሆነ አልጽፍም፤ ደብዳቤው በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። እሱን ግን ደስ እያለኝ ነው የቆረጥኩት፤ ቦታውንም በእግር በኩል፣ ከዳርም ከዳር አድርጌለታለሁ። ያነሰውን ከራሴ ልብሶች ሞላሁ፤ ስለዚህ አንቺና እኔ እየተፈራረቅን ነው የተሰፋነው። ለመሐሉ የሚሆን የጥጥ ንጣፍ እዚህ ፈልጌ ስላጣሁ የባለቤቴን አሮጌ ጋቢ ተርትሬ ከአራት እጅ ወደ ሁለት አወረድኩት፤ ለገበሩ አቡጀዲ ገዝቻለሁ። የስፌት መኪናዬ ዚንገር ለሙከራ በሠራሁት ትራስ ላይ ሁለት መርፌ ሰብሮ ተስፋ ስላስቆረጠኝ፣ ሦስቱን ድርብ የማያይዘው በእጄ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ።

ከሻንጣው ሥር፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ የእትዬ ጥልፍ ቀሚስ አለ። ነጠላውን ስገልጠው ደርቆ ዱቄት የሆነ አሪቲ በእጄ ላይ ፈሰሰ፤ ሽታው ግን ነበረ። ደረቱ ላይ ያለው መስቀል ክሩ አልደበዘዘም፤ የትከሻው ሸማ ግን ሳስቶ በብርሃን ላይ ስይዘው ጣቶቼን ያሳየኛል። እንዲህ ተጣጥፎ ሌላ አሥር ዓመት ቢቀመጥ በእጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ ያልቃል። የአልጋ ልብሱን መሐል፣ ሦስት እራፊ በአራት እራፊ የሚሆነውን፣ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። 288ቱ አልቀዋል፤ የቀሩት የእነዚህ የ12ቱ ቦታ ነው። የመስቀሉ ጥልፍ ልኩ እዚያ ይገባል። የእጅ ሸማ ሲቆረጥ ክሩ ስለሚፈታ በካውያ የሚለጠፍ ስስ ገበር ከጀርባው አድርጌ ካልሆነ አልነካውም፤ ይህን አስቤበታለሁ፣ ገበሩንም ገዝቻለሁ። የጎደለው የአንቺ ቃል ነው።

የሌላ ሰው ታሪክ አንቺን ለማባበያ ማምጣቴ እንዳይመስልሽ እንጂ፣ አላባማ ውስጥ ጊዝ ቤንድ በሚባል ቦታ ስለሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች አንብቤያለሁ። ካረጀ የሥራ ልብስ፣ ከጂንስና ከዱቄት ከረጢት ሳይቀር የሰፏቸው ድሪቶዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታይተዋል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለችው በ1942 ባሏ ሲሞትባት የለበሳቸውን የሥራ ልብሶች ቀድዳ፣ ልጇን አጠገቧ አድርጋ የአልጋ ልብስ ሰፋችበት፤ እሱን ለማስታወስና ከሥሩ ለመተኛት ብላ። ጉልበቱ የሳሳው፣ ላቡ ያወየበው ቦታ ሁሉ እንዳለ አለ። ይህ ሥራ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ውስጥ ነው፤ ከአንቺ ቤት ሩቅ አይመስለኝም። ፎቶግራፉን ሳየው ያሰብኩት እትዬን ነው፤ ምናልባት የደፈርኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ደፈርኩ ያልኩት... እንግዲህ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ከላይ «አልነካውም» ብዬ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ብዕሬ አልሄድ አለኝ። የግራ እጅጌውን ቆርጬዋለሁ። የማን ቀሚስ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር ብልሽ በወደድኩ፤ አውቄያለሁ። እጅጌ ብቻ ነው፣ ከእጅጌ ምን ይጎድላል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከተቆረጠ በኋላ ሸማው በጣቶቼ መካከል እየተፈታ ሲሄድ ደነገጥኩና መቀሱን ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ እጅጌው ትራሴ ላይ ነው፤ ለማንም አላሳየሁትም። አደራ በላ ማለት እኔ ነኝ።

ሌላም ያየሁትን ልንገርሽ። ቀሚሱን ላጣጥፈው ስል የታችኛው ጠርዝ ከውስጥ በኩል ወፈር ብሎ ታየኝና ገለበጥኩት። ተጥፏል። ከውጭ ፈጽሞ አይታይም፤ ስፌቱ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው፤ የተጣፈውም በአረንጓዴ ቴትሮን ነው። ያንቺን ጉርድ ሻንጣው ውስጥ ሳገኘው ጫፉ ለምን አጥሮ እንደተቀመቀመ ገርሞኝ ነበር፤ ለካ የጎደለው እራፊ እዚህ ኖሯል። አንቺ ይህን ታውቂው ነበር? እኔ ስንት ጊዜ ከእትዬ ኋላ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ያንን ጠርዝ እያየሁ ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን አላወቅሁም።

ስለዚህ ምርጫው የአንቺ ነው። ቁረጪው ካልሽ ደረቱን ለመሐል፣ የተጣፈውን ጠርዝ ደግሞ ከነቴትሮኑ ከመስቀሉ ሥር አደርገዋለሁ፤ ጠርዙን ገልብጬ ነው የምሰፋው፣ ከላይ የሚታየው የውስጡ ይሆናል። አትንኪው ካልሽ እጅጌውን መልሼ እሰፋዋለሁ፤ ስፌቱ እንደሚታይ ግን ከወዲሁ ልንገርሽ፣ እኔ እትዬ አይደለሁም። ቀሚሱን በአዲስ አሪቲ ጠቅልዬ ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሻለሁ፤ የመሐሉን ቦታ ከራሴ ነጠላ እሞላዋለሁ። ብትቆጪም ተቆጪ፤ ዝም ብቻ አትበይኝ። ይህን ለማለት ፊት እንደሌለኝ አውቃለሁ።

ስለ ልጆቹ እንድትጠይቂኝ አልፈልግም፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ትንሹም ሥራ ይዟል። ባለቤቴ ጋቢው የት እንደገባ እስካሁን አልጠየቀም።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ ይቀረኛል። የአልጋ ልብሱ ዙሪያ ዳንቴል እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ዙሪያው ሰባት ሜትር ነው። እኔ በአንድ ምሽት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አልሠራም፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ እኩሌታውን አንቺ እንድትሠሪው አስቤያለሁ። በፖስታው ውስጥ ናሙና ከትቼልሻለሁ፤ እያንዳንዱ አናናስ አምስት ሴንቲ ሜትር ይይዛል፣ 70 የአንቺ፣ 70 የእኔ ይሆናል። ኪሮሹ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። እጅሽ እንደምታውቂው ጥብቅ ነው፣ የእኔ ደግሞ ልል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት አናናስ ሠርተሽ ከናሙናው ጋር አስተያዪው፤ ካጠረብሽ ወፈር ያለ ኪሮሽ ያዢ እንጂ ክሩን አትጎትቺ። ክሩ ነጭ ይሁን ወይስ የወተት ቀለም የሚለውንም ወስኚ፤ እኔ የወተቱን እመርጣለሁ፣ ከእትዬ ሸማ ጋር ይቀራረባል።

የቀሚሱን መልስ ግን ከአናናሱ በፊት ላኪልኝ። መቀሱን ልጄ ወስዳ እንድትደብቅ ሰጥቻታለሁ፤ ምንም ብለምናት የአንቺን ድምፅ ሳትሰማ እንዳትመልስልኝ አዝዣታለሁ።

አደራ በላዋ እህትሽ