ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለሚያላዝነው ዲፈረንሻል

ለተወደድሽው ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፕራዶው ከ60 በላይ ስትነጂው ከኋላ እንደሚያላዝን የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ጋራዥ አስገብተሽ ዲፈረንሻሉን፣ ማለት የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የጥርስ ቤት፣ ከማስፈታትሽ በፊት ይህን ጨርሰሽ አንብቢው። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ የተፈታ ዲፈረንሻል ብዙ ጊዜ ብሶበት ይመለሳል።

መጀመሪያ ጎማ አለመሆኑን ለዪ። ከአስፋልት ወደ ፒስታ ስትገቢ ድምፁ ከተለወጠ ጎማው ነው። ካልተለወጠ፣ ጭር ያለ ሜዳ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወዲያና ወዲህ በዪው። ወደ ግራ ስትይ የሚጨምር ከሆነ የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚይዘው ቀለበት)፣ ወደ ቀኝ ስትይ ከሆነ የግራው ይጠረጠራል።

እነዚህ ካልሆኑ ነገሩ ያለው እግርሽ ላይ ነው። ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ፣ ሬዲዮውን ዘግተሽ፣ 70 እና 80 ላይ ነዳጅ ስትሰጪና እግርሽን ስታነሺ ለያይተሽ ስሚ። ነዳጅ ስትሰጪ ብቻ ከጮኸ የክራውኑና (ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት) የፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ) ጥርስ ተበልቷል ወይም አነካካቸው ተዛብቷል። እግርሽን ስታነሺ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የላላ የፒኞን ኩሽኔታ ነው። ብትሰጪም ብታነሺም የማይለወጥ ወፈር ያለ ጉምጉምታ ክራውኑን ከጎንና ከጎን የያዙት ኩሽኔታዎች ናቸው። ስትታጠፊ ብቻ ቋ ቋ የሚል ከሆነ መሀል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ የምትወርጂ ከሆነ ዓባይ በረሃ ራሱ ይነግርሻል፤ ከደጀን ወደ ድልድዩ በሞተር ጉልበት ስትወርጂ አላዝኖ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጪ ዝም ካለ የፒኞኑን ኩሽኔታ ያዢ። ግን ልስማ ብለሽ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ እንዳታወጪ። ሞተሩ መያዙን ያቆማል፣ ፍሬኑም ግሎ እምቢ ይልሻል።

ከዚያ ዘይቱን አስወርጂ። ሩብ ሰዓት ያህል ተነድቶ ሞቅ ሲል፣ ሜዳ ላይ ይሁን። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን ነው፤ ማውረጃውን ከፍተው ዘይቱ ካለቀ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢል መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው። ማውረጃው ጫፍ ላይ ያለውን ማግኔት በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። ግራጫ፣ እንደ ቅባት የላመ ነገር የተለመደ ነው፣ አትደንግጪ። ጥፍር ላይ የሚቆም ስንጣሪ ወይም የጥርስ ፍርፋሪ ካለበት ግን መኪናው ከዚያ አይንቀሳቀስ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ይህ በክረምት ወንዝ ለሚሻገር መኪና የተለመደ ጣጣ ነው፤ የጋለው ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ውሃውን በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ጎማ) በኩል ይስባል። መተንፈሻው አክስሉ ላይ በላይ በኩል ነው፤ አስፈትተሽ በናፍታ አሳጥቢው፣ በአፍ ሲነፉት አየር ማሳለፍ አለበት።

የሚሞላው 75ደብሊው-90 ወይም 80ደብሊው-90፣ ጂኤል-5 የሚል ነው። የሞተር ዘይትም የጂኤል-4 የካምቢዮ ዘይትም አይሆንም፤ የፒኞኑ ጥርስ በክራውኑ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚሠራው፣ ያንን ጫና የሚችለው ጂኤል-5 ነው። የኋላው ወደ 3 ሊትር ይወስዳል፣ 4 ግዢ። ልኩ ግን ሊትሩ ሳይሆን ቀዳዳው ነው፦ በመሙያው አፍ መፍሰስ ሲጀምር በቃ። ራንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ፣ ቡሎኖቹም ወደ 50 ኒውተን ሜትር ይጥበቁ። ዘይት ጎድሎ ብቻ ከነበረና ቶሎ ከተደረሰበት ድምፁ በዚሁ ሊጠፋ ይችላል። የተበላ ጥርስ ግን በወፍራም ዘይት አይድንም።

አሁን ዋናው። አንዳንድ መካኒክ የፒኞኑን ዳዶ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ልስጥሽ ይልሻል። እሺ አትበዪ። ከዳዶው በስተጀርባ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ልኩን የሚይዝ ቱቦ አለ፤ አንዴ ከልክ በላይ ከተጨፈለቀ አይመለስም፣ ኩሽኔታውም በጥቂት ጊዜ ይቃጠላል። ዳዶው ከተፈታ ቱቦውም ዳዶውም አዲስ ይገባሉ፤ ሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎችና ኦይል ሲሉ አብረው ይቀየሩ፣ ጥብቀቱም በመለኪያ ይታይ። በክራውኑና በፒኞኑ መካከል ያለው ክፍተት በብዙ ቶዮታ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ ሰዓት (እንዲህ ያለ ቀጭን ክፍተት የሚለካ መሣሪያ) የሌለው ጋራዥ ይህን በእጄ ልወቀው ቢልሽ መኪናውን ወደ ባሕር ዳር ውሰጂው። ሲገጥምም ጥርሱን ቀለም ቀብተው አሻራው መሀል ላይ መዋሉን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ ጫፍ ላይ ወይም ሥር ላይ ካረፈ ይጮኻል።

ጥርሱ ከተበላ ክራውንና ፒኞን የሚገዙት አብረው የተፈጩ ጥንድ ሆነው ነው፤ አንዱን ብቻ አትቀይሪ። ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል መግዛትም አይከፋም፣ እንዲያውም ጥሩ መካኒክ ከጠፋ እኔ እሱን እመርጣለሁ። የጥርሱ ሬሾ (የክራውኑ ጥርስ ብዛት ለፒኞኑ ሲካፈል) ግን ከፊት ዲፈረንሻሉ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በመኪናው መለያ ሰሌዳ ላይ ካለው የአክስል ኮድ አመሳክሪ። አዲስ ጥርስ ከገባ መጀመሪያ ላይ ጭነት አይኑርበት፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ይቀዝቅዝ፣ በ800 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ይቀየር።

ዘይቱ ሲወርድ የማግኔቱን ፎቶ ላኪልኝ፤ ሳላየው ለማንም ገንዘብ አትክፈዪ።

አባትሽ