የሕንፃ ዲዛይን ሽልማት ተጠቃሚውንም ይስማ

ለአዘጋጁ፦

አካባቢያዊ የአርክቴክቶች ማኅበራት ለዲዛይን ጥራት፣ ለሙያው ጥብቅናና ለማኅበረሰቡ ስለሚያበረክቱት አስተዋፅኦ ያወጣችሁት ጽሑፍ ዓመታዊውን የዲዛይን ሽልማት ከሁሉም ማስቀደሙ አላሳመነኝም። ሽልማቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የሕንፃው ቀለም ገና ሳይደርቅ፣ በተመረጡ ፎቶግራፎች ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ማፍሰሱን ወይም የዊልቸር መወጣጫው ከተለመደው የ1 ለ12 ተዳፋት (በ12 ሜትር አግድም ርቀት 1 ሜትር ከፍታ) በላይ ቀጥ በማለቱ ተጠቃሚው ያለ ደጋፊ መውጣት እንዳቃተው ዳኞቹ የሚያውቁበት መንገድ የለም።

ለሙያው የሚደረገው ጥብቅናም ቢሆን በአርክቴክቶች የአገልግሎት ክፍያ ላይ ብቻ ሲያተኩር ሰሚ አያገኝም፤ ክፍያው አግባብ አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። በአንጻሩ የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የተለያዩ ሙያዎች ባለቤቶችን ያቀፈ የበጎ ፈቃድ ቡድን እገዛ ወደሚጠይቁ ከተሞች እየላከ፣ ነዋሪውን ለጥቂት ቀናት አድምጦ ምክረ ሐሳቡን በጽሑፍና በንድፍ እንዲያቀርብ ያደርጋል። የቡድኑ አባላት የሙያ ክፍያ አይቀበሉም፤ ከጥናቱ የሚመነጭ ሥራ ላለመውሰድም አስቀድመው ይስማማሉ። ምክሩን ተአማኒ የሚያደርገው በተለይ ይህ ሁለተኛው ግዴታ ይመስለኛል፤ መካሪው ነገ ተቋራጭ ሆኖ እንደማይመጣ ነዋሪው ያውቃልና።

ስለዚህ ማኅበራቱ ሽልማቱን ሕንፃው ቢያንስ ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ ዳኞች በአካል ጎብኝተውትና የሚገለገሉበትን ሰዎች አነጋግረው እንዲሰጡ፣ ከዳኞቹም አንዱ ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው እንዲሆን በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢደነግጉ መልካም ነው።

ከአንድ አንባቢ