ለአባዬ፣ ድሬዳዋ

አባዬ፣

ዘይነባ የእግርህን ፎቶ ላከችልኝ። «ትንሽ ጭረት ናት» ያልከኝ ይህችን ነው? ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቁስል ሲጠርግ የኖረ ሰው እንዲህ ብሎ ሲዋሸኝ ምን ልበል? ጠርዙ ነጥቷል፣ መሐሉ ጠቁሯል። አያመኝም ትላለህ፤ የስኳር ቁስል የሚያስፈራው እኮ ስለማያም ነው። ለቀባሪው አረዱት እንዳትለኝ። ነገ በጠዋት ድል ጮራ ሂድ። ራስህ በአልኮል መጥረጉን ተው፣ ግቢ ውስጥም ቢሆን ያለ ጫማ አትውጣ። ኢንሱሊኑን በረዶ ቤቱ አጠገብ አታስቀምጥ፣ በረዶ ከሠራ ተበላሸ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ገንቦ ውስጥ ይሁን፤ የድሬን ሙቀት አልነግርህም። ስለዚያ ጣፋጭ፣ ስለ ሙሸበኩም ዘይነባ ነግራኛለች።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ኖላዊት የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ካልተወረወረ ብላ አስቸገረችን፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ጣሪያ ከየት ይምጣ፣ አባቷ በበረንዳው ወረወረላት። ናሆም በአማርኛ ስናወራው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው። ለአንተ ሊደውል ሲል ግን መስታወት ፊት ቆሞ «አባባ ደህና ነህ?» እያለ ይለማመዳል። ኳስ ጀምሯል። ቁመቱ ወደ አንተ ይሄዳል ይላሉ።

እንግዲህ ልንገርህ። ካለፈው ወር ጀምሮ የአሜሪካ ጦር ተጠባባቂ ሐኪም ሆኛለሁ። ቃለ መሐላ ፈጽሜያለሁ። ማዕረጌ ሻምበል ነው።

ጎንደር የተማረ ሰው እንዴት እዚያ ይገባል ትል ይሆናል። ሠራዊቱ እየከፈለ ሐኪም የሚያስተምርበት ስኮላርሺፕ አሜሪካና ፖርቶሪኮ ውስጥ ለሚማሩ ብቻ ነው። ውጭ ተምሮ ለመጣ ግን ሌላ በር አለ፣ ረጅም በር። ዲግሪዬን ጎንደር ራሱ ማረጋገጥ ነበረበት፤ ከዚያ ስቴፕ የሚባሉት ፈተናዎች፣ ከዚያ ውጭ ለተማረ ሐኪም የሚሰጠው የኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. ሰርተፊኬት፣ ከዚያ ሬዚደንሲ የሚሉት የሆስፒታል ሥልጠና፣ ከዚያ የሥራ ፈቃድ። ይህን ሁሉ ታውቃለህ፣ በየደረጃው «አለፍሽ ወይ?» እያልክ ስትደውል ነበር። ያልነገርኩህ ዜግነቱን ካገኘሁ በኋላ ማመልከቴን ነው።

ሆስፒታል ሥራዬን አልለቅም። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ያህል ለጦሩ እሠራለሁ። መጀመሪያ ለሥልጠና ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን የሚባል ካምፕ እሄዳለሁ። ሰላምታ አሰጣጥና ሰልፍ ሳይቀር አለበት አሉ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ! ዘመቻ ከመጣ ለተጠባባቂ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ 90 ቀን ነው። አይመጣም ብዬ አልዋሽህም።

ከፈተናው ሁሉ ያስቸገረኝ ቅጹ ነበር። ኤስ.ኤፍ. 86 ይሉታል፣ የደኅንነት ማጣሪያ ነው። ወላጅህ፣ ወንድምህ የት ይኖራሉ፣ ከውጭ መንግሥት ወይም ከውጭ ጦር ጋር ግንኙነት አላቸው ወይ እያለ ይጠይቃል። አንተ ጋ ስደርስ ምን ልጻፍ? የትኛው ክፍለ ጦር? ስንት ዓመት? ድሬሰር እንደነበርክ አውቃለሁ። የካቲት 1970 ጦሩ ጅጅጋን ሲያስመልስ ካራማራ ላይ እንደነበርክ አውቃለሁ። በ1983 ጦሩ ሲበተን ያለ ጡረታ፣ በእግርህ፣ የሰው ኮት ለብሰህ እንደመጣህም አውቃለሁ። ይህንንም የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ያውም በሹክሹክታ። ከኩባዎቹ ሐኪሞች ጋር መሥራትህን የሰማሁት በእሷ ለቅሶ ላይ ከጓደኛህ ነው። «ዝርዝሩን አላውቅም» ብዬ ሞልቼ አለፍኩ። ሴት ልጅ ስለ አባቷ እንዲህ ብላ ስትፈርም ደስ አይልም።

አንተ በአፍህ ያልነገርከንን እኛ በጥፊ ነው የሰማነው። ሄኖክ በ1991 ለባድመ ተመዝግቦ አውቶቡስ ውስጥ ከገባ በኋላ ጎትተህ አወረድከው፣ በጓደኞቹ ፊት መታኸው። «የልጄን ቁስል በእጄ አላስርም» አልክ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ እማዬን ይዤ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ አውቶቡስ ያልተመለሱ አሉ፤ እናቶቻቸውን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሰላም ትላለህ። ቢሆንም «ልክ ነበርክ» ለማለት አፌ አይፈታልኝም። አንድ ማታ ቁጭ ብለህ ካራማራ ላይ ያየኸውን ብትነግረው ኖሮ ራሱ ይወርድ ነበር። ጅቡቲም ሄዶ በዚያው አይቀርም ነበር፣ በበዓል እንኳ በእኔ በኩል «ደህና ነው?» እያለ የሚጠይቅህ።

እኔንስ ምን ትለኛለህ? ጥፊህ እዚህ አይደርስም።

መርፌ በጣሳ እስኪቀቀል መጠበቅን፣ ቁስለኛ ሲጮህ እጅ አለማንቀጥቀጥን ከጎንደር በፊት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ሲልህ ፋሻውን የምይዝልህ እኔ ነበርኩ። አመሰግንሃለሁ፣ ይህንን ሳልጽፍ ብዙ ቆየሁ። በ1941 የተፈረመው የጄኔቭ ስምምነት የቆሰለ ሰው የጠላት ወታደርም ቢሆን ይታከማል ይላል፤ የጦር ሐኪም የሚሠራው በዚህ ነው። እማዬ ያጫወተችኝ የዚያ የሶማሌ ምርኮኛ ነገር እውነት ከሆነ፣ አንተ ስምምነቱን ሳታነብ አድርገኸዋል። እውነት ነው ወይ አባዬ? አለቃህስ ምን አለህ? ለቅጹ አይደለም የምጠይቅህ፣ እሱ ሄዷል።

መጻፍ ከከበደህ ዘይነባ ስልኳ ላይ ድምፅህን ትቅዳልህ። ብታቆም ብትቀጥል፣ ብትሳደብም እሰማዋለሁ።

ለሄኖክ አልነገርኩትም። ከአንተ ቢሰማው እወዳለሁ። አዲሱ ቁጥሩ ዘይነባ ጋ አለ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያነሳል። ስለ አውቶቡሱ አትጀምር፣ በእኔ ጀምር። እኔን ማማት ለሁለታችሁም ይቀላችኋል።

ልጅህ ሰናይት