የአባቴ ጉድጓድ መሬት አይደለም
ለከተማችን የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ሁለቱ ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ገብተው ቀሩ። ለሦስተኛው ቢሮዎ በር ላይ የተሰጠኝ መልስ «መሬት የመንግሥት ነው» የሚል ነበር። ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ ወዲህ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። የጠየቅሁት ስለ መሬቱ ሳይሆን አባቴ ከይዞታው ሲነሣ ካሳ ስላልተገመተለት ጉድጓድ ነው።

አባቴ ጉድጓዱን ሁለት በጋ ቆፈረው። እሱ ከታች በዶማ ይቆፍራል፣ እናቴና እኔ ከላይ ሆነን አፈሩን በባልዲ እንስባለን። 11ኛው ሜትር ላይ ዓለት ገጠመው፤ በመሮ እየፈለጠ ወረደ። ውኃው የፈለቀ ዕለት ጭቃውን በእጁ ዘግኖ ወጥቶ ለእናቴ አሳያት። ያ ደረቅ ቦታ ጌሾና ቡና ያበቀለው ከዚያ በኋላ ነው።

ካሳ ገማቾቹ መጥተው ይዞታውን ለኩ፣ ባሕር ዛፉን ቆጠሩ፣ ሄዱ። ጉድጓዱ ቅጹ ላይ የለም። ስንጠይቅ «ጉድጓድ ያው መሬት ነው» አሉን።

ሕጉን ያውቁታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ይከለክላል። የግል ንብረትን ሲተረጉም ግን ዜጋው በጉልበቱ፣ በፈጠራው ወይም በካፒታሉ ያፈራው ነው ይላል። ንኡስ አንቀጽ 7 በመሬት ላይ በጉልበት የተደረገ ቋሚ ማሻሻያ የባለቤቱ መሆኑን ይደነግጋል፤ ንኡስ አንቀጽ 8 ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ሰው ድካሙን ያዋለበት ነገር የራሱ ይሆናል ብሎ የተከራከረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እኛ ይህንኑ በሕገ መንግሥታችን ጽፈን አባቴን ባዶ እጁን እንሸኘዋለን?

ቦታው አሁን በሊዝ ጨረታ ለባለሀብት ተላልፏል። ማስታወቂያው «የከርሰ ምድር ውኃ ያለው» ይል ነበር። አባቴን ስታስነሡ ያልነበረ ውኃ ለተጫራች ስታቀርቡት ዋጋ አወጣ! በባለሀብቱ ቂም የለኝም፤ ገንዘቡ ንብረቱ ነው፣ ይከበርለት። የአባቴ ሁለት በጋስ? የገበያ ኢኮኖሚ እንገነባለን ትላላችሁ፤ በሰፈራችን ግን ዘንድሮ አንድ ችግኝ የተከለ ሰው አላየሁም። የሚነጠቀውን ማን ይተክላል?

ገማቾቹን መልሰው ይላኩ። ጉድጓዱ ገና አልተደፈነም። ጥልቀቱ 14 ሜትር ነው፤ መለኪያ ገመድ ይዘው ይምጡ።