ዲቹን እኛ እንጠርጋለን፣ መኪናውን እናንተ መድቡልን
ለሀዋሳ ከተማ ምክር ቤት አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

እንደምን ከረማችሁ? የአዲሱ በጀት ሰነድ ጠረጴዛችሁን ሳይሞላው አንድ ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ጉዳዩ ትልቅ አይደለም። ስለ ደለል ነው። ከዲች ስለሚወጣ፣ ወጥቶም ስለማይነሳ ደለል።

እኔ የአንድ ሰፈር እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። እድራችን ለቀብርና ለለቅሶ የተቋቋመ ነው። ግን ሰፈሩ ውስጥ ሰው የሚጠራ፣ የቀረውንም የሚቀጣ ሌላ አካል ስለሌለ የጽዳት ዘመቻ ሲመጣም ጥሩንባ የሚነፋው እኛው ነን። በዚህ ቅር አይለኝም። ሰውም ይወጣል። ቅዳሜ ማለዳ አካፋና ዶማ ይዞ ያልመጣ ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ ቅጣቱን ከፍሎ መተኛት መርጧል።

ዲች ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ላላያችሁት ልንገራችሁ። መጀመሪያ የኮንክሪት ክዳኑን ጎረምሶች በዲጂኖ ፈንቅለው ያነሱታል። ከላይ የሚገኘው ባዶ ሃይላንድ ነው። ከሱ ሥር ፌስታል፣ ከፌስታሉ ሥር የጫት ገራባ። ዋናው ጉድ ያለው ከገራባው በታች ነው፤ ጥቁር፣ የሚከረፋ፣ እንደ ሊጥ የሚያዝ አሸዋ። አካፋው አንዴ ከገባበት በቀላሉ አይወጣም። ከአላሙራ ተራራ በኩል ጎርፉ ይዞት የወረደው አፈር፣ የግንባታ አሸዋና የየቤቱ እጣቢ ተደባልቆ ነው እንዲህ የሚሆነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የዲቹ ወለል ይታያል። ደለሉም በጠርዙ ላይ ተቆልሎ ይሰለፋል። ፎቶ ይነሳል፣ ምስጋና ይቀርባል፣ ሰው ይበተናል።

ደለሉ እዚያው ያድራል። «መኪና ይመጣል» ይባላል። ይከርማል። ሲደርቅ ነፋስ እያነሳ በየቤቱ ያስገባዋል፤ ባጃጅ ይረጋግጠዋል፤ ልጆች ይቦርቁበታል። ከዚያ አንድ ሌሊት ደህና ዝናብ ይጥላል። ጠዋት ስንነሳ ያ ሁሉ ክምር ተመልሶ ዲቹ ውስጥ ገብቷል። ያን ቀን የሰፈሩን ሰው ፊት ማየት ነው! የሚቀጥለው ዘመቻ ላይ አካፋ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚቀንሰው በስንፍና እንዳይመስላችሁ። ውሃ መውቀጥ ማን ይወዳል?

አንድ ጊዜ መዋጮ አሰባስበን ሲኖትራክ ተከራየን። ጎረምሶቹ ጫኑ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ «የት ነው የምደፋው?» አለን። እርስ በርስ ተያየን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን፣ ሌላው ደግሞ «ደብዳቤ አምጡ» አለን። መኪናው በሰዓት ይከፈልበታል፤ ደብዳቤ ደግሞ ፊርማ ይፈልጋል። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ሰውን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ነገሩ የአንድ ሰው ስንፍና አይመስለኝም። ይህ ሥራ በበጀታችሁ ውስጥ ስም የለውም። ስም የሌለውን ሥራ ደግሞ ማንም የኔ ነው አይልም።

የበጀቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር ልቀጥል። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዲች መጠረግ ያለበት መቼ ነው? ክረምቱ ሳይጠነክር፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ አልቋል፣ ወይም ሒሳብ ሊዘጋ ስለሆነ ሁሉም ለትልልቁ ክፍያ ይሯሯጣል። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ጸድቆ እስኪከፋፈልና ግዢው እስኪያልቅ ዝናቡ ሥራውን ጨርሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እንዲህ የሚሆነው በክፋት አይደለም፤ ካላንደሩና ሰማዩ ስላልተስማሙ ነው። ሰማዩን ማስተካከል አንችልም። የክፍያውን ጊዜ ግን ትችላላችሁ።

ሌላም አለ። ዲች መሥራት ካፒታል በጀት ነው፤ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ዲች መጥረግ ግን መደበኛ በጀት ነው። የተጠረገ ዲች የሚመርቅ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም። የኮሪደር ልማቱን አልቃወምም። ሐይቁ ዳር ወጣ ብሎ መንሸራሸር ለእኛም ደስ ይለናል፤ ዘመድ ሲመጣም የምንወስደው እዚያው ነው። ግን ዋናው መንገድ እያማረ ውስጥ ለውስጡ ሲዘጋ፣ የውስጡ ጭቃ በመጨረሻ ወደዚያው ወደሚያምረው ቦታ ነው የሚወርደው።

ሐይቃችን መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ይተናል፣ የገባው ደለልና ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ የማይሞላ ይመስለናል። በምሥራቅ በኩል የነበረውን ጨለለቃን አስታውሱ። እሱም ሐይቅ ነበር። ደለል ገብቶበት ገብቶበት ረግረግ ሆኖ ቀረ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ቆሮሶ የሚያወጣውም፣ የሚጠብሰውም፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሊያይ የመጣውን እንግዳ በባጃጅ የሚያመላልሰውም እንጀራው ከዚህ ውሃ ነው። ከሰፈራችን ዲች የተነሳ አንድ መኪና ደለል ሐይቁ ያልገባ አንድ መኪና ደለል ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። በመደበኛው በጀት ውስጥ «ደለል ማንሻ» የሚባል መስመር ይኑር። ለእያንዳንዱ ቀበሌ የገልባጭ ኪራይና የነዳጅ ገንዘብ ይያዝበት። ገንዘቡ መጋቢት ላይ ተለቆ ሚያዝያ ላይ ሥራ ላይ ይዋል። ዘመቻ ሲጠራ መኪናው በዚያው ቀን ይምጣ፤ መኪና ከሌለ ዘመቻውም ይቅር። የሚደፋበት ቦታም አስቀድሞ ይነገረን፤ ሾፌሩ ደብዳቤ አይጠየቅ።

ጉልበቱን ለእኛ ተዉት። ጉልበታችን በየሪፖርቱ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ተብሎ በብር ተሰልቶ ሲቀርብ እንሰማለን። ደስ ይላል። ግን በዚያ ብር ነዳጅ አይገዛም።

ቆሻሻ ከቤት ወደ ቤት የሚሰበስቡትን የወጣት ማኅበራትም አትርሷቸው። ቆሻሻ የሞላበትን ማዳበሪያ ከረጢት በጋሪ ጭነው የሚዞሩትን ማለቴ ነው። ወርሃዊ ክፍያውን የማይችል ቤት አለ፤ እሱ ነው ማታ ፌስታሉን ዲች ውስጥ የሚጥለው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክል አዋጅ በፓርላማ መጽደቁን ሰምተናል። ቅጣቱ እንዳለ ይሁን፤ ግን ለነዚህ ጥቂት ደሃ ቤቶች ከተማው ቢከፍልላቸው ደለል ከማውጣት የሚረክስ ይመስለኛል።

ገንዘብ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። በዚያው በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅም ጸድቋል። ገቢው የከተማ ነው። ሰው ቤቱ ተገምቶ ክፈል ሲባል መጀመሪያ የሚያየው በሩ ላይ ያለውን ዲች ነው። ዲቹ ደህና ከሆነ እያጉረመረመም ቢሆን ይከፍላል። ሰብሳቢውን ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲያወጡም ሲፈጽሙም የታችኛውን እርከንና ነዋሪውን እንዲያሳትፉ ይል ነበር። እስካሁን የተሳተፍነው በአካፋ ነው። ዘንድሮ በዕቅዱም ላይ ጥሩን። ከየእድሩ አንድ ሰው ይበቃል፤ አበልም አንጠይቅም። ለየቀበሌው የተያዘው ገንዘብና መኪናው የሚመጣበት ቀን ደግሞ ቀበሌው በር ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ከተለጠፈ ጥሩንባ የመንፋቱ ሥራ የኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሀዋሳ ነዋሪ፣ የእድር ገንዘብ ያዥ