ወንጌላዊው «አልሄድም» ማለትም ይፈቀድለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ወንጌላዊ ወደ ሩቅ አገር ሲላክ ሽማግሌዎች በረድፍ ይቀመጣሉ፤ ወጣቱ ከፊታቸው ቆሞ «ጌታ ጠርቶሃል፣ ትሄዳለህ ወይ?» ይባላል። አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል፤ እጅ ይጫንበታል፣ በሳምንቱ ይሸኛል። ያቺ «እሺ» ግን ብዙ ጊዜ የይሉኝታ ናት፤ በአባቶች ፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ የወጣች። እውነተኛው መልስ የሚመጣው ስንቅ ሲያልቅና ልጅ ሲያተኩሰው ነው። ያን ጊዜ «ከጥሪው ሸሸ» ተብሎ ይወቀሳል።

በማቴዎስ 21 አባታቸው ወደ ወይኑ ቦታ ከላካቸው ሁለት ልጆች እምቢ ያለው ኋላ ተጸጽቶ ሄደ፤ እሺ ያለው ቀረ። ስለዚህ ላኪዎችን የምንለምነው እምቢታውን ከመሸኘቱ በፊት እንዲሰሙት ነው።

ሙሴ በዘጸአት 3 እና 4 አምስት ጊዜ ተከራክሯል። «እኔ ማን ነኝ?» ሲል «ከአንተ ጋር እሆናለሁ» ተባለ፤ ስምህን ቢጠይቁኝስ ሲል ስሙ ተነገረው፤ አያምኑኝም ሲል በትሩ ምልክት ሆነለት፤ አፌ ኮልታፋ ነው ሲል የምትናገረውን አስተምርሃለሁ ተባለ። ቁጣ የመጣው «ሌላ ላክ» ባለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም አሮን ተሰጠው። ላኪ ኮሚቴም ሥጋቱን አንድ በአንድ ጽፎ ለእያንዳንዱ መልስ ማዘጋጀት አለበት።

ቀለቡን እንይ። ምእመኑ ገበሬ በሆነበት አጥቢያ በየወሩ ለመስጠት የተገባው ቃል ክረምት ላይ ይቋረጣል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም የገበሬ እጅ ባዶ ነውና። የሰው ልብ ስለቀዘቀዘ አይደለም። የ12 ወሩ ቀለብ አዝመራ ሲገባ፣ በጥር ተሰብስቦ ባንክ ይግባና በየወሩ ይላክለት።

ጤናውም ከዚሁ የቀን አቆጣጠር ጋር ይሄዳል። ወባ በብዙ ቆላ የሚበረታው ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የደጋ ሰው ደግሞ ሰውነቱ አልለመደውም። በመስከረም ከመሸኘት በጥር መሸኘት ይሻላል። ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ይያዝ፤ ጫፉ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ፣ የተንጠለጠለ ጫፍ ትንኝ ያስገባል። ትኩሳት ሲጀምር በ24 ሰዓት ውስጥ ደም መመርመር ስላለበት ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ቀድሞ ይታወቅ።

ሚስቱ ለብቻዋ፣ በሴቶች፣ ባሏ በሌለበት ትጠየቅ። እሱ ፊት ከተጠየቀች የእሷም መልስ ያው እሺ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ቋንቋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ስብከት አይጠየቅ፤ ደብተር ይዞ ገበያና ቡና ላይ ይዋል፣ በቀን 10 ቃል ይጻፍ፣ ማታ ለአንድ ሕፃን ያንብብለት፤ ሕፃን ስሕተትን በይሉኝታ አያልፍም። በአስተርጓሚ የጀመረ እዚያው ይቀራል። የኦሮሞው ወንጌላዊ ኦነሲሞስ ነሲብ በባርነት ከተወሰደበት ከምዕራብ ኦሮሞ ምድር ወንጌል ይዞ ለመመለስ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ ሞከረ። በሱዳን በኩል ሲሄድ በትኩሳት ተመለሰ፤ በዛሬዋ ጅቡቲ ባለችው በታጁራ ወደብ በኩል እንጦጦ ደርሶ ማለፊያ ተከለከለ። መንገዱ በተዘጋበት በዚያ ዘመን ከትርጉም አጋሩ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ በኦሮምኛ ቋንቋ ላይ ሠራ፤ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ ወለጋ የደረሰው በ1904 ነው። ሲደርስ የሚነበብ ነገር በእጁ ነበረ። ቶሎ ይሂድልን የሚል ኮሚቴ ይህን 23 ዓመት ያስብ።

አንድ እምቢታ ግን በቀለብም በአጎበርም አይፈታም። ዮናስ በኢዮጴ የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ወደ ተርሴስ የሸሸው ነነዌን ፈርቶ ሳይሆን እግዚአብሔር ይምራቸዋል ብሎ ነው፤ ምዕራፍ 4 ላይ ራሱ ይናገረዋል። በእኛም አገር ሕዝብ በሕዝብ ላይ የያዘው ቂም አለ፤ ጥሪ ያለው ሰውም ከዚያ ነጻ አይደለም። ስለዚህ «እዚያ ካለው ሕዝብ ጋር የቆየ ቂም አለህ ወይ?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ። አለኝ ካለ አይባረር፣ አይቸኮልበትም፤ ከዚያ ሕዝብ ከሆነ አንድ አማኝ ቤት ሁለት ወር ይቀመጥ፣ ከአንድ ገበታ ይብላ፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ አዲስ ይቅረብለት።

ወንጌላውያንን በማዘጋጀት ከሚያገለግሉ አንባቢዎቻችሁ