ጥሩው በግ ከመንደር እንዳይወጣ
የግብርና ክበባችን የዓመት ዘገባ

የክበብ ዘገባ የሚጀምረው በአባላት ብዛት ነው፤ እኛም እንደዚያው እናድርግ። ዓመቱን በ38 አባላት ጀምረን በ51 ጨርሰናል። የጓሮ አትክልቱ ጎመንና ካሮት ሰጥቶናል። ችግኝ ጣቢያውም ደህና ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ቦታ ግን ሁሉ ለእንስሳት ትርኢቱ ልስጠው። ዓመቱን ሙሉ ያሰብነውም፣ የተከራከርንበትም፣ እንቅልፍ ያጣንበትም እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባቲ ነው። ኅዳር ላይ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ከኩታበር ደጋ ተነስቶ ደሴን፣ ኮምቦልቻን አልፎ ባቲ መድረስ ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ጉዞ ነበር። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ግመሉም፣ ፍየሉም፣ በጉም፣ አሞሌ ጨውም እዚያ አለ። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ከፋፈልኳቸውና ሦስት ጥያቄ ሰጠኋቸው። በጉ ዕድሜው ስንት ነው? ለምን ይሸጣል? ቤት የቀረውስ የቱ ነው?

ከሰዓት ቅጥቅጡ ውስጥ ደብተሮቹን ገለጥን። መልሱ በየደብተሩ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። «ይኼ ቶሎ ደረሰ፣ ዋጋ ያወጣል፣ ሸጥነው። ቤት የቀረው ገና ነው፤ ከሲታ ነው።» አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ መስኮቱን ተደግፋ ዝም ብላ ቆየችና ድንገት ዞረች። «ቲቸር፣ እንግዲያ እናት በጎቹን የሚያጠቃው የቀረው ከሲታው ነዋ!» አለችኝ፤ የሚያስረግዛቸው ማለቷ ነው።

ስለ ዘር ውርስ ስንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ አስተምሬያለሁ። እንዲህ አድርጎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀመጠልኝ ግን አልነበረም። ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ቶሎ ይሸጣል። ለበዓል፣ ለማዳበሪያ፣ ለደብተር መግዣ ይሄዳል። ዘር ሳይተው ነው የሚሄደው። የሚቀረው ገዢ ያላየው ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ግልገል አባትም እሱ ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም መንጋው ወደ ኋላ ይሄዳል። ገበሬው ሰንፎ አይደለም። ብር የሚያስፈልገው ዛሬ ነው፤ ጥሩ ግልገል የሚገኘው ደግሞ ከርሞ ነው።

ክበቡ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር ወሰነ። የእንስሳት ትርኢት እናዘጋጃለን፤ ግን ለማየት ብቻ አይሆንም። አንደኛ የወጣው አውራ በግ መንደር ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርግ ትርኢት ይሆናል። በመንዝና በቦንጋ ገበሬዎች ተሰባስበው ጠቦቶቻቸውን አንድ ቦታ አምጥተው፣ አወዳድረው፣ የተመረጠውን ለጋራ መንጋ እንደሚያቆዩ ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። «እነሱ ከቻሉ እኛ ምን ይጎድለናል?» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ቀኑን መምረጥ ብቻውን ሁለት ሳምንት ወሰደ። ጥቅምትና ኅዳር አጨዳ ነው፤ ማንም በሬውን ጥሎ አይመጣም። ግንቦት ከብቱ ከስቶ አጥንቱ ይቆጠራል፤ ባለቤቱም ሰው ፊት ማቆም ያፍራል። የካቲት ላይ የበልግ እርሻ አለ። በዚያ ላይ ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው የገቡት በየካቲት ነው። የቀረን ጥር ነበር። ውቂያው አልቋል፣ ገለባው ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ የመንፈቅ ዓመት ፈተናውም አብቅቷል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች በየጎጡ ዞረው ማን መቼ እንደሚድር ጠይቀው መጡ። ይህን ያደረጉት ማንም ሳያዛቸው ነው።

መጀመሪያ የቆረጥነው ቀደም ያለ ቀን ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ግን አይሆንም አሉን። ከተለያየ ጎጥ የመጣ በግና ፍየል አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኝ በሽታም አብሮ ይገናኛል። በተለይ የሚያስፈራው ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ነው። ያልተከተበ እንስሳ እንዳይገባ፣ የተከተበውም ሦስት ሳምንት እንዲቆይ አዘዙን። ቀኑን ወደ ጥር 24 ገፋነው። አንዳንድ ተማሪዎች ቅር አላቸው። ያን ጊዜ ደስታ ስለሚባለው የከብት በሽታ አወራኋቸው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የአገሩ በሬ ያለቀው በዚያ በሽታ ነው። የሚያርስ ጠፍቶ ሰው በረሃብ አለቀ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያጠፋውም ክትባት ነው። የበግና የፍየሉ ደስታ መሰል ግን ዛሬም አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀኑ ያጉረመረመ የለም።

ዝግጅቱ ብዙ እጅ ጠየቀ። ጋጣውን ከባህር ዛፍ አጣና ሠራነው። ገመዱ ከየቤቱ መጣ። ሚዛንና ሁለት ድንኳን እንሰጣችኋለን ያለን አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ዋዜማው ድረስ ጠበቅነው፣ አልመጣም። ስልክም አላነሳም። አዝኛለሁ፤ ልጆቹ ቃል ሲታጠፍ ማየታቸው ከድንኳኑ በላይ ነው የቆጨኝ። የደረት ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት እንደሚቻል ግን ቀድመን ተለማምደን ስለነበር ሥራው አልቆመም። ሜትሩ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዞሮ ይገጥማል፤ ጸጉሩን ጫን ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ያወፍራል። ቁጥር የጻፍንበትን ካርቶን ልምምድ ላይ ፍየሎቹ እየተቀባበሉ በሉት። የ9ኛ ክፍል ልጆች አሮጌ ጄሪካን ቆራርጠው በላስቲኩ ላይ ጻፉበት። ለከርሞም የሚያገለግል ሆነ።

ምሳው ሽሮና ንፍሮ ነበር። ሥጋ ይሁን ያሉ ነበሩ። ሥጋ ከሆነ ግን የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ ሊሆን ነው። ትርኢቱ ላይ ሰው በሁለት ማዕድ እንዲቀመጥ አልፈለግንም። ሼሁ ዱአ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ፣ «አሚን»ና «አሜን» ተደበላለቀ፤ በሩ ተከፈተ።

እዚህ ላይ የበሩን ነገር ልንገራችሁ። ያቺ በቅጥቅጡ ውስጥ የተናገረችው ልጅ የበር ተረኛ ነበረች። አንድ አዛውንት የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው አንድ ቀይ አውራ በግ ይዘው መጡ። በጉ ታጥቧል። ላቱ ሰፊ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ ነው። ልጅቷ ዓይኑን ስታየው ጥጉ ላይ የደረቀ ነገር አለ። አፍንጫውም ይፈሳል። ባለሙያውን ጠራች። ቴርሞሜትሩ 40.8 አለ። የጤነኛ በግ ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መግባት አይችልም» አለቻቸው። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ልጄ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው የተነሳሁት» አሏት።

«አውቃለሁ አያ። ከገባ ግን የሌላው ሁሉ ይታመማል።»

አዛውንቱ ዝም ብለው በጉን አዩት። ከዚያ ገመዱን ጠቅለል አደረጉና «እውነትሽን ነው» አሉ። ልጅቷ ተራዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ አብራቸው ሄደች። በግና ፍየል በማያልፍበት በላይኛው መንገድ ቤታቸው ድረስ ሸኘቻቸው። ውድድሩን አላየችም። ባለሙያው በማግስቱ ሄደው መድኃኒት ወጉት፤ የሳምባ ምች ነበር፣ ድኗል። እኔ በዚህ ዓመት ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ያንን የበር ላይ ደቂቃ እመርጣለሁ።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፦ በበግ መረጣ የታወቁ አንድ አባት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋና አንዲት እናት። እናትየዋን የጨመርናቸው ተማሪዎቹ ስለጠየቁ ነው። ግልገል የሚያሳድገው፣ የትኛዋ መንታ እንደወለደች የሚያስታውሰው የቤቱ ሴት ናት ብለው ተከራከሩ፤ ልክ ናቸው። ምድቦቹ ጠቦት፣ አውራ በግ፣ ጊደር፣ ወይፈንና ፍየል ነበሩ። ለትንንሾቹ ደግሞ የዶሮ ምድብ ነበር። አንድ የ7 ዓመት ልጅ ቄቧን በጋቢው ጠቅልሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያወርዳት ቆይቷል።

ዕድሜ በወሬ አይሞላም፤ ጥርስ ይታያል። ተማሪው የበጉን አገጭ በግራ እጁ ይዞ የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ዝቅ ያደርጋል። በግ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም። ከታች ስምንት አሉት። ስምንቱም ትንንሽ ከሆኑ የወተት ጥርስ ነው፤ ጠቦት ነው። መሀል ያሉት ሁለቱ ሰፋ ብለው ከወጡ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ሆኖታል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ጥንድ ጥንድ እየተተካ ይሄዳል። «ዘጠኝ ወሩ ነው» የተባለ አንድ ጠቦት አፉ ሲከፈት ሁለት ትልልቅ ጥርስ ብቅ አለ። ባለቤቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየና «ለካ በአምናው ስንዴ አጨዳ ነው የተወለደው» አለ። ያለ ምንም ቅሬታ ወደ አውራ በግ ምድብ ተዛወረ።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በአንድ ጥቁር ጠቦት ላይ ነው። በእኛ የነጥብ ወረቀት አንደኛ እሱ ነበር። መንታ ሆኖ ተወልዷል፣ እናቱ ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳለች፣ የደረቱ ዙሪያ ከእኩዮቹ ይበልጣል። ሽንጡን ሲዳስሱት አጥንቱ አይቆረቁርም። በወረቀቱ ላይ ለቀለም የሰጠነው ነጥብ ግን ዜሮ ነው። ዳኛው አባት ወረቀቱን አስቀመጡና «ልጆቼ፣ ጥቁር በግ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። ግልገሎቹ ጥቁር ቢሆኑ ይህ ሰውዬ ምን ይጠቀማል?» አሉ። እናትየዋ ደግሞ «መንታውንስ? ሁለት ጥቁር ከአንድ ቀይ አይበልጥም?» አሉ። ሕዝቡ ሁለት ቦታ ተከፈለ። በመጨረሻ አንድ ሌላ ቀይ ጠቦት አንደኛ፣ ጥቁሩ ሁለተኛ ሆነ።

ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ይህን አልተቀበሉትም። እኔ ግን ዳኛው አባት ልክ ናቸው እላለሁ። ገበያው የሚከፍለው ለቀለምም ጭምር ከሆነ ገበሬው ያንን ከሂሳቡ ማውጣት አይችልም። ስህተቱ የእኛ ወረቀት ላይ ነበር። ከርሞ ለቀለም ነጥብ ይኖረዋል። ለእናቲቱ የመውለድ ታሪክ ደግሞ ከዘንድሮው የበለጠ ነጥብ እንሰጣለን። ሁለቱንም በክበቡ ድምጽ አስጸድቀናል።

ሽልማቱ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የከብት መኖ፣ እና አሞሌ ጨው ነበር። ፋጉሎውን የገዛነው በአትክልት ሽያጭና ወላጆች ባዋጡት ነው። የተመረጡት አራት በጎች ባለቤቶች ግማሹን ዕለቱን ወሰዱ። ግማሹ የሚሰጠው ሰኔ ላይ ነው፤ በጉ ካልተሸጠ። በጉ ከየካቲት ጀምሮ የጎረቤቶቹን እናት በጎች በነጻ ያጠቃል። በዓመቱ ደግሞ ከሌላ ጎጥ አውራ ጋር ይለዋወጣል፤ የራሱን ልጆች እንዳያጠቃ። ይህን ሁሉ በሽማግሌዎች ፊት ተፈራረምን።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ በየቤቱ ዞርን። ሦስቱ በጎች አሉ። አራተኛው ተሸጧል። ባለቤቱ ሚስቱ ታማበት ሆስፒታል አስገብቷት ነበር። የቀረውን ፋጉሎ ልንሰጠው ስንል «አይገባኝም» ብሎ እምቢ አለ። የወሰደውን መልስ ብሎ የጠየቀው ግን የለም፤ ክበቡም በአንድ ድምጽ የወሰነው ይህንኑ ነው። እሷም ድና ቤቷ ገብታለች፤ አልሐምዱሊላህ።

መዝገባችን ላይ የተጠቁ 64 እናት በጎች ተጽፈዋል። በግ የምትወልደው በአምስት ወር ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች የሚመጡት ትምህርት ቤት በተዘጋበት በሐምሌ ነው። ማን ይመዝግብ ስንባባል ያቺው የበር ተረኛ እጇን አወጣች። ቤቷ ለሦስቱም ጎጦች ቅርብ ነው። መዝገቡን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ፣ ሜትሩንም ጨምራ ይዛ ሄዳለች።